አምስተኛው መስኮት

ሰኞ ረፋድ ላይ ከድርጅቱ ከባድ መኪናዎች አንዱ ከድልድይ ወደቀ። ሹፌሩ በሕይወት ተርፏል፤ መሪው ደረቱን ሲመታው ግን ሦስት የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። ለአደጋው ምክንያት የሆነው አንድ መስመር መልእክት ነው። ቀድሞ ያለፈው ሹፌር «ድልድዩ ተሰንጥቋል፣ በዚህ መንገድ ማንንም እንዳትልኩ» ብሎ ልኮ ነበር። መልእክቱ የስምሪት ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ በሰዓቱ ደርሷል። ያየው ሰው ግን አልነበረም።

የዚያን ቀን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የባለቤቱ ወንድ ልጅ፣ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ነበር። ጠዋት ጠዋት የምትሠራው እህቱ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበራት ነው የተካት። ምክትሉ ሲሠራ የከፈተውን አይዘጋም። አንዱን መስኮት ስክሪኑን እስኪሞላ ይለጥጠዋል፣ በላዩ ሌላ ይከፍታል፣ በዚያም ላይ ሌላ። የሚፈልገው ሲጠፋበት ማውዙን ጠረጴዛው ላይ ይደበድባል።

አባትየው ከሐኪም ቤት ሲመለስ የቆሰለውን ሹፌር ሸሚዝ እንደያዘ በቀጥታ ወደ ስምሪት ክፍሉ ገባ። ሸሚዙን ኪቦርዱ ላይ ወረወረው። ደሙ ገና እርጥብ ነበር።

«መልእክቱ የት ነበር?»

«አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«የት ነበር?»

«ከስር ነበር።»

«ከስር!» አባትየው የልጁን ማጅራት ጨብጦ ፊቱን ወደ ስክሪኑ ገፋው። አፍንጫው መስታወቱን ነካ። «ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። አንድ ቀን የፊት መስታወቴን በጨርቅ ሸፍኜ ነድቼ አላውቅም። አንተ ስንት ጨርቅ ነው የደረብክበት? ቁጠር! ጮክ ብለህ ቁጠር!»

ምክትሉ ቆጠረ። አሥራ ሰባት ነበሩ። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሹፌሮች አብረውት በሆዳቸው ቆጠሩ። ከመካከላቸው የፊት ጥርሱን በማጣቱ ሲናገር የሚያፏጨውና ፊሽካ የሚሉት አዛውንት «አሥራ ስምንተኛው እሱ ራሱ ነው» አለ፤ ሁሉም ሳቁ።

«እስከ ቅዳሜ ከእህትህ ትማራለህ» አለ አባትየው ማጅራቱን እየለቀቀ። «ከእሷ፤ እዚሁ፣ ሰው እያየህ።»

ምክትሉ ቀና አላለም። ጣቱ ላይ የቀረውን ደም ሱሪው ላይ ጠረገና ከሳቁት ፊቶች የእያንዳንዱን መልክ በልቡ ያዘ።

*

እህቱን ሹፌሮቹ እህትዓለም ነው የሚሏት። መልኳን ሳያውቁ፣ ድምጿን በስልክ ብቻ ሰምተው ያወጡላት ስም ነው። ከአንድ ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ስምሪቱን የምትይዘው እሷ ናት። ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚረከባት ደግሞ ሩቤ የሚባለው ወጣት ነው።

ሩቤ ያሉት በአሠራሩ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሲቀጠር ስክሪኑን አይቶ፣ «ይሄ እኮ አራት ሩብ ነው» አለ። መኪናዎቹ ያሉበትን ካርታ ላይኛው ግራ፣ የጭነቱን ዝርዝር ላይኛው ቀኝ፣ የሹፌሮቹን መልእክት ታችኛው ግራ፣ የስልክ መዝገቡን ታችኛው ቀኝ አደረገ። አንዱም አንዱን አይሸፍንም። ዓይን ብቻ ነው የሚዞረው፣ እጅ አይለፋም። «ለሁሉም ሩቡን ስጠው» ይል ነበር፤ ስሙ በዚያው ቀረ። አባቱ በዚሁ ግቢ ጫኝ ነበር፤ ከከረጢት ስር ወገቡ ተሰብሮ ከተኛ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

ሁለቱ የሚገናኙት ሲረካከቡ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። አንዱ ሳይቀመጥ ሌላው አይነሳም። እሷ ስትነሳ እሱ ይቀመጣል፤ ወንበሩ ሁልጊዜ ሙቅ ነው። በዚያ አምስት ደቂቃ መጀመሪያ ስለ ጭነት ያወሩ ነበር፤ ከዚያ ማውራት ትተው ይተያዩ ጀመር። አንድ ቀን ከስልክ መዝገቡ ጀርባ የተሸሸገች ትንሽ የጽሑፍ መስኮት አገኘች። «ዛሬ ደክሞሻል። ሻይ መሳቢያው ውስጥ አለ» ትላለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ደብዳቤያቸው በዚያች መስኮት ነው። ሕጉም ሁለት ነበር፦ ስም አይጻፍም፣ ምንም አይቀመጥም። ያነበበው ያጠፋል፣ በዚያው ላይ መልሱን ይጽፋል፣ ከመዝገቡ ጀርባ ይመልሳታል።

ማክሰኞ ዕለት ሩቤ የጻፈው ይሄን ነው።

«ወደቡ ላይ ሥራ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ቁርጡን መናገር አለብኝ። አትሂድ ካልሽኝ እቀራለሁ፣ አባትሽ ፊትም ቆሜ እናገራለሁ። ሂድ ካልሽኝ ዞር ብዬ አላይም። ሌላ አልጨምርም፤ ቦታውም ትንሽ ነው።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ አጠፋችው። እሷና ሩቤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ እንጂ፣ እሷ ከባለቤቱ ወንበር እሱ ከጫኝ ጀርባ ነው የመጡት። መልሱን እስከ ዓርብ አልጻፈችም።

*

ወንድሟን ሐሙስ አስተማረችው። መጀመሪያ ላይ እንደ ቅጣት ተቀምጦ ነበር።

«የከፈትከውን ሁሉ አንድ በአንድ በእጅህ ማስተካከል አይጠበቅብህም» አለችው። «ከታች ያለውን መስመር በማውዙ ቀኝ ተጫን። 'ጎን ለጎን' የሚለውን ምረጥ።»

ተጫነ። ተከምረው የነበሩት መስኮቶች እርስ በርስ ተላቀው፣ እኩል እኩል ሆነው ስክሪኑ ላይ ተሰለፉ። ከስር የነበረው ሁሉ ወጣ።

«በቃ? ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«እና ለዚች አንገቴን አነቀኝ?» አላትና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ልጆች እያሉ አልጋ ስር ተደብቀው እንደሚስቁት ነበር የሳቁት። መስኮቶቹን መልሶ በተናቸው፣ መልሶ ከመራቸው፣ እንደገና ተጫነ። «ጎበዝ ነሽ እኮ አንቺ» አለ። ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟ እንደሆነ ተሰማት።

የዚያን ቀን ማምሻውን አባቷ እጇን ያዘ። ድካሙ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ወንድምሽ እንደዚያ ነው። ካንቺ ሌላ የምተማመንበት የለኝም» አላት። እጇን ከእጁ ውስጥ ማውጣት አልቻለችም።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ትንሿን መስኮት ከፍታ ጻፈች።

«ሂድ። አባቴ ትናንት እጄን ይዞ ካንቺ ሌላ የምተማመንበት የለኝም አለኝ። እሱ ፊት ቆሜ ያንተን ስም መጥራት አልችልም። ፈሪ ነኝ። ወንበሩን በየቀኑ ሙቅ ትቼልህ ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ዞር ብለህ አትይ።»

ከስልክ መዝገቡ ጀርባ አስገባቻትና ተነሳች። ወንድሟ ልለማመድ ብሎ ሻይ ይዞ ገብቶ ስለነበር ወንበሩን ለእሱ ሰጠችው። ሩቤ እስኪመጣ ገና ሃያ ደቂቃ ነበረው፤ እሷም ለፊሽካ የጭነት ወረቀቱን ልታደርስ ወደ ግቢው ወረደች። ከመዝገቡ ጀርባ ያለችው መስኮት ማንም የማያያት ሆና ስለኖረች፣ ትናንት ለወንድሟ ያስተማረችው «ጎን ለጎን» ያቺንም መስኮት እንደሚያወጣ አላሰበችም። እንባዋን ደረጃው ላይ ጠረገች። ያን ሰዓት ያዘነችው ለሩቤ ብቻ ነበር።

*

ምክትሉ ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለና ከታች ያለውን መስመር ተጫነ። ጎን ለጎን። አራት መስኮት ነበር የጠበቀው። አምስት ወጣ።

አነበበ። ሻዩን አስቀመጠ። ደግሞ አነበበ።

ሩቤ ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው እንደ ልማዱ «እንደምን ዋልሽ» እያለ በሩን ከፈተ። ከበሩ ሆኖ ያየው ጽሑፉን አይደለም፤ ቁጥሩን ነው። አምስት። ቀጥሎ ያየው ፊቱ ላይ የመጣውን ኪቦርድ ነው።

ኪቦርዱ አፍንጫው ላይ ለሁለት ተሰበረ። ፊደሎቹ እንደ ጥርስ ወለሉ ላይ ተረጩ። ሩቤ ግድግዳውን ተደግፎ ሊነሳ ሲል ሁለተኛው ምት ጆሮው ስር አገኘው።

«የጫኝ ልጅ! አባትህ ከረጢት የተሸከመበት ግቢ ነው ይሄ!»

«አለቃ፣ ይስሙኝ...»

«ምኑን ነው የምሰማህ!» ምክትሉ ሆዱን ረገጠው። ሩቤ እንዳይወድቅ የብረቱን የፋይል ሣጥን ያዘ። መሳቢያው ክፍት ነበር፣ ጣቶቹም ጠርዙ ላይ ነበሩ። ምክትሉ አየና መሳቢያውን በጫማው ዘጋው። ጣቶቹ ሲሰበሩ ድምፁ ደረቅ እንጨት ይመስል ነበር። ሩቤ ጮኸ፤ ጩኸቱ እስከ ግቢው ተሰማ። ምክትሉ ከፍቶ ደገመው።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረና ስክሪኑን ከነገመዱ ነቅሎ ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው፤ በተረከዙም ረገጠው። ስክሪኑ ከተሰበረ የተጻፈውም የጠፋ መስሎት ነበር። ጠረጴዛው ስር ያለውን ሣጥን ማንም አልነካውም፤ ትንሿ አረንጓዴ መብራት እንደበራች ነበረች።

ሹፌሮቹ ተግተልትለው ሲገቡ ምክትሉ አፉ አረፋ ደፍቆ ነበር። «እህቴን ሲያስቸግራት ነው የኖረው! ተደብቆ ሲጽፍላት! የለየለት ባለጌ!»

ሁሉም ወደ ሩቤ ዞሩ። ደሙ ከአገጩ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። የተሰበረ እጁን በደህናው እንደ ሕፃን አቅፎ ይዞታል። እሷ ከሰዎቹ ትከሻ ጀርባ ደርሳ ቆማለች፤ አላያትም።

«አዎ» አለ ሩቤ። «እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም። አንድም ቀን መልሳልኝ አታውቅም።»

ያ ሁሉ ደብዳቤ! ያ ሁሉ ሻይ፣ ያ ሁሉ መተያየት! አንድም ቀን? የመጀመሪያው የተሰማት ቁጣ ነበር፤ የካዳት መሰላት። ጣቶቹን ስታይ ግን ለምን እንደካደ ገባት።

*

አባትየው ቢሮ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ፊሽካ በሩን ይዞ ቆሟል፣ አምስተኛ።

«ፖሊስ ይጠራ» አለ ምክትሉ። «እህቴን አስቸግሯል። ራሱ አምኗል፣ ሰው ሰምቶታል።»

አባትየው ሩቤን ረጋ ብሎ ተመለከተው። «ምን ብለህ ጻፍክላት?»

ሩቤ ደብዳቤውን አላነበበውም። አምስተኛዋ መስኮት ውስጥ ምን እንደነበረ ከዚህ ክፍል የሚያውቁት እሷና ምክትሉ ብቻ ናቸው። ትንሽ አሰበ።

«እንደምወዳት ጻፍኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አልጨመርኩም፣ ጋሼ። ቦታው ትንሽ ነው።»

እሷ አፏን በእጇ ያዘች።

አባትየው ወደ ልጁ ዞረ። «ለዚህ ነው የሰው ጣት የሰበርከው?»

«ሌላም አለው! ከአፌ የማይወጣ ብልግና ነው የጻፈው!»

«ልጄ» አላት አባቷ። ድምፁ ለስልሶ ነበር። «አንቺ ንገሪኝ። አስቸግሮሻል? አስቸግሮኛል ካልሽ ፖሊስ ይወስደዋል፣ ነገሩም እዚሁ ይቋጫል። ስምሽም አይነሳም።»

አንዲት «አዎ» ብቻ ነበረች የተጠየቀችው። ወንድሟ በዓይኑ ይለምናት ነበር። ሩቤም፣ በአበጠ ዓይኑ፣ አዎ በይ ይላት ነበር።

«ደብዳቤው የኔ ነው» አለች።

«ዝም በይ!» አለ ምክትሉ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ። እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ።» አባቷን ሳይሆን ሩቤን እያየች ጀመረች። «'አትሂድ' ይላል። 'አባቴ ከእኔ ሌላ የሚተማመንበት የለውም። ስለዚህ እውነቱን ከእኔ...'»

የወንድሟ ጥፊ አፏ ላይ አረፈ። ራሷ ዞሮ ከፋይል መደርደሪያው ጋር ተጋጨ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም ጥርሷን አለበሰው። ሩቤ በተሰበረ እጁ ሊይዘው ተነሳ፣ ፊሽካም ከበሩ ዘለለ፤ እሷ ግን ከቆመችበት ቃል ቀጠለች።

«'...እውነቱን ከእኔ መስማት አለበት። እሱ ፊት ቆሜ ስምህን እጠራለሁ። ወንበሩን በየቀኑ ሙቅ ትቼልህ ነበር። ከሰኞ ጀምሮም...'»

«ውሸቷን ነው!» ምክትሉ ጮኸ። እጁን ዳግም አንስቶ ነበር። «እንደዚያ አይልም! 'ሂድ' ነው የሚለው! 'ሂድ፣ ፈሪ ነኝ' ብላ ነው የጻፈችው፣ በዓይኔ አንብቤዋለሁ!»

«ማን ናት የጻፈችው?» አለ አባትየው።

ሩቤ ጻፈ ያለው ደብዳቤ የእህቱ መሆኑን ምክትሉ በገዛ አፉ አውጥቶት ነበር።

አባትየው ከወንበሩ ተነሳ። የልጁን አንጓ ያዘ፣ ሠላሳ ዓመት መሪ በያዘው እጁ ጠመዘዘው፤ ምክትሉ እየጮኸ ተንበረከከ። «በዚህ እጅ ነው? የሰው ጣትም፣ የእህትህን አፍም፣ በዚህ እጅ ነው?» ጎትቶ ከበሩ ውጭ ጣለው። ሲመለስ ትንፋሹ ያቃስት ነበር። ልጁን ብቻ ሳይሆን የሆነ ነገር ከራሱም ውስጥ ጎትቶ የጣለ ይመስል ነበር።

ሩቤ ግን ከሁሉም ነገር የሰማው አንድ ቃል ነው። «ሂድ» አለ በሹክሹክታ። «ሂድ ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ?»

«አዎ።» ደሙን በእጅጌዋ ጠረገች። «ቅድም እንደዚያ ነው የጻፍኩት። ፈርቼ ነበር። አሁን የተናገርኩትን ግን ከየትም አላነበብኩትም።»

አባትየው በቀስታ ተቀመጠ። «እኔ ፊት ስሙን መጥራት ፈርተሽ ነበር?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እስቲ ጥሪው።»

ጠራችው። ሩቤ ብላ አይደለም፤ እናቱ ባወጣችለት ስም። ከእሷና ከራሱ በቀር እዚያ ክፍል ውስጥ ያን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ፊሽካ ኮፍያውን ከራሱ አወለቀ።

«አራት ዓመት ሙሉ ሩቤ ስለው ኖርኩ» አለ አባትየው ለማንም ሳይሆን። እሺም እንቢም አላለም። ዓይኑን ከልጂቱ ከንፈር ላይ ግን ማንሳት አቃተው።

*

ይህ ሁሉ ሲሆን አሥራ አራት መኪናዎች መንገድ ላይ ነበሩ፣ የሚያያቸውም አልነበረም። ፊሽካ ሩቤን ሐኪም ቤት የሚወስድ መኪና ሊያስነሳ ሮጠ። እሷ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ስክሪንና ኪቦርድ አንስታ፣ ወለሉ ላይ የተበተኑትን ፊደሎች እየረገጠች ወደ ስምሪት ክፍሉ ገባች። ገመዶቹን ሰካች።

ስክሪኑ ሲበራ ሁሉም ምክትሉ እንደተዋቸው ነበሩ። አምስት፣ ጎን ለጎን፣ እኩል እኩል።

«እንዳታነባት» አለችው ተከትሏት የመጣውን ሩቤን።

አነበባት። በሩ ላይ ተደግፎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እስከ መጨረሻው። «ዞር ብለህ አትይ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ይሄን ቅጽበት ከጥፊው ይልቅ ፈርታው ነበር።

«በጣም ያምርብሻል ስትጽፊ» አለ።

«አትቀልድ። ሳቅ ያመኛል።»

«እኔንም ያመኛል።» ቀረብ አለና ደህናውን ግራ እጁን ማውዙ ላይ አደረገ። ትንሿን መስኮት ሊዘጋ ሲጫን ማሽኑ ጠየቀ፦ ይቀመጥ? አይቀመጥ? ግራ እጁ ማውዝ አልለመደምና ቀስቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዋልል ጀመር። እጇን በእጁ ላይ ጫነች። አብረው ተጫኑ። ደብዳቤው ጠፋ።

ግቢው ውስጥ መኪናው ጡሩምባ ነፋ። ታችኛው ግራ ላይ ያልተነበቡ መልእክቶች ተደርድረዋል፤ ሁለት ሹፌሮች መንገድ ይጠይቃሉ፣ አንዱ ጎማ ፈንድቶበታል፣ አንዱ «እህትዓለም፣ አለሽ ወይ?» ይላል።

«ወደቡ ጋ ነገ በግራ እጄ እደውላለሁ» አለ ሩቤ ከበሩ።

«ምን ልትላቸው?»

«አልመጣም፤ ለሌላ ሥራ ቦታ የለኝም።»

እሷ ወደ ስክሪኑ ዞረች። አምስተኛዋ የነበረችበት ስፍራ ባዶ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ጊዜ ተጭና አራቱን ዘርግታ ልትሸፍነው ትችል ነበር። አልሸፈነችውም። «አለሁ» ብላ ለሹፌሩ ጻፈች፤ ከንፈሯ እየደማ፣ እጇ የእሱን እጅ ሙቀት እንደያዘ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሸሸችው ደስታ መጥቶ ደረቷን እንደ ቡጢ መታት።